በአንድ ምስክር

የክትትል ክፍላችን ሚዛን ከበሩ ጀርባ ነው የቆመው። ታካሚው ጫማውን አውልቆ፣ ጋቢውን ለአስታማሚው ሰጥቶ ይወጣበታል። አንዳንዱ ኪሱን ያራግፋል፤ ስልክ፣ ቁልፍ፣ ሳንቲም። አንዳንዷ ትንፋሿን ትይዛለች፣ ትንፋሽ ኪሎ ያለው ይመስል። በስኳር ሕመምተኞች ክትትል በነርስነት ስሠራ ደግሞ የራሴ መጥፎ ልማድ ነበረኝ። ቁጥሩን ካርዱ ላይ ከመጻፌ በፊት ፊቴ ይናገር ነበር። ከቀነሰ ፈገግታ፣ ከጨመረ የግንባር መቋጠር።

ይህን ልማድ ያስተዉኝ አንዲት የሽሮ ሜዳ እናት ናቸው።

የሀበሻ ልብስ ይሸጣሉ፤ ሃምሳውን አልፈዋል። መጀመሪያ የመጡት ዓይናቸው ብዥ እያለ በመርፌ ቀዳዳ ክር ማስገባት ስላቃታቸው ነው። ስንጠይቃቸው ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ለሽንት ይነሣሉ፣ ውኃ አያረካቸውም። በባዶ ሆድ የተለካው ስኳራቸው 286 ሆነ፤ ክብደታቸው 84 ኪሎ። ለቁመታቸው የበዛ ነው፤ ቢሆንም ከጥቂት ወራት በፊት 90 ገደማ እንደነበሩ ነገሩኝ። ሐኪሙ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላሚድ አዘዙ። እኔም ለሁሉም የምለውን አልኩ፦ ስኳር ይተዉ፣ ቅባት ይቀንሱ፣ ይራመዱ፣ ኪሎ ያውርዱ። ከአራት ደቂቃ አልበለጠም።

በሦስተኛው ወር ተመለሱ። ስኳሩ 138 ወርዷል፤ ሚዛኑ ግን 88 ላይ ቆመ። የመጀመሪያውን ቁጥር ሳላመሰግን ሁለተኛውን ይዤ ተነሣሁ። «እናቴ፣ ምን እየበሉ ነው? ይቀንሱ ስንልዎ ይጨምራሉ?» አልኳቸው፣ ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ እየሰማ። ነጠላቸውን አጣፉ፤ «እሺ ልጄ» አሉና ወጡ። በቀጠሯቸው ቀን አልመጡም።

ከአምስት ወር በኋላ ብቅ ሲሉ ፊታቸው በርቶ ነበር። ሳልጠራቸው ጫማቸውን አውልቀው ሚዛኑ ላይ ወጡ። 82። «አየሽ፣ ቀነስኩልሽ!» አሉኝ። እኔም ደስ እያለኝ ጣታቸውን ወጋሁና መለኪያውን አየሁት። 314።

«መድኃኒቱስ እናቴ?»

«ተውኩት። እሱ አይደል እንዴ ያወፈረኝ?»

«ቀነስኩልሽ» ያሏት ቃል እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣችም። ለራሳቸው ብለው አልቀነሱም፤ ለእኔ ነው፣ ለተቋጠረው ግንባሬ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ስለ መድኃኒቱ ያሉት ጭራሽ ሐሰት አለመሆኑ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከ180 ገደማ ሲያልፍ ኩላሊት መልሶ መያዝ ያቅተውና ትርፉ ከሽንት ጋር ይፈሳል። ሰውየው የበላው ምግብ ሰውነቱ ሳይጠቀምበት ይወጣል ማለት ነው። እየበላ ይከሳል፣ እንደሚያፈስ እንስራ። እኚህ እናት ከ90 ወደ 84 የወረዱት እንዲህ ነበር። መድኃኒቱ ሲጀመር ቀዳዳው ተደፈነ፤ ያው የድሮው ማዕድ አሁን ሰውነታቸው ውስጥ መቅረት ጀመረ። ከጨመሩት አራት ኪሎ የሚበዛው ወደ ቤቱ የተመለሰ ክብደት ነበር። ያኔ እኔ እንደ ጥፋት የቆጠርኩት ነገር መድኃኒቱ መሥራቱን የሚያሳይ ምልክት ነበር። በኋላ ያደነቅኩት 82 ደግሞ የሕመሙ መመለስ ነው።

በዚህ ላይ መድኃኒቶቹ ራሳቸው አንድ ዓይነት አይደሉም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ስኳር ገና የተገኘባቸውን ከ5,000 በላይ ሰዎች ለዓመታት የተከታተለ ትልቅ ጥናት ነበር፤ ውጤቱ በ1998 ወጣ። በዋናነት በምግብ ቁጥጥር ከቆዩት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ኢንሱሊን የወሰዱት በ10 ዓመት ውስጥ በአማካይ 4 ኪሎ ያህል፣ ግሊቤንክላሚድ የወሰዱት ደግሞ 1.7 ኪሎ ያህል አብልጠው ጨምረዋል። ሜትፎርሚን ግን ይህን አላመጣም። መድኃኒቶቹ ዓይንንና ኩላሊትን ከጉዳት የሚጠብቁ ናቸውና «ያወፍራል» ብሎ መጣል አይገባም። ይህን ለታካሚው አስቀድሞ መንገር ግን የእኛ ሥራ ነበር። እኔ አልነገርኩም። ሳልነግር ፈረድኩ፣ ያውም ሚዛኑን ብቻ ምስክር አድርጌ። በአንድ ምስክር ቃል መፍረድ እንደማይገባ ልጅም ያውቃል።

ስለዚህ ያን ቀን ወንበር ስቤ ሌሎቹን ምስክሮች መጠየቅ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ሰዓቱን። ግሊቤንክላሚድ ቆሽትን እየጎተጎተ ኢንሱሊን የሚያስመነጭ መድኃኒት ነው፤ ሰው በላም አልበላም ሥራውን ይሠራል። እሳቸው መድኃኒቱን ይወስዱ በነበረ ጊዜ ጠዋት ክኒናቸውን ይውጣሉ፤ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ። ስድስት ሰዓት ገደማ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃቸዋል፣ ልባቸው ይመታል። የጾም ድካም መስሏቸው ይታገሡታል። ዘጠኝ ሲሆን ያገኙትን ዳቦ በለስላሳ ያወራርዳሉ፤ ከዚያ ዋናው ምግብ ይቀጥላል። በሌላውም ቀን «እንዳይወርድብኝ» እያሉ ከረሜላ ከቦርሳቸው አይጠፋም። ስኳር ሲወርድ እንዲህ መብላት ሆዳምነት አይደለም፤ ሰውነት ለነፍሱ ሲል «አብሉኝ» ብሎ መጮኹ ነው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ከ30 ግራም በላይ ስኳር ይይዛል። እኔ «ይራመዱ» ያልኳቸው የግማሽ ሰዓት እርምጃ የሚያቃጥለው ከዚያች ጠርሙስ ብዙ አይበልጥም።

ሐኪሙ ሁለቱንም መድኃኒት መልሰው አስጀመሯቸው፤ ግሊቤንክላሚዱ ግን መጠኑ ተቀንሶ ከምግብ ጋር ብቻ እንዲወሰድ ሆነ፤ ስኳሩ ሲረጋጋ ሜትፎርሚኑ ከፍ ብሎ ግሊቤንክላሚዱ ጨርሶ ቀረ። እናትየዋም የንስሐ አባታቸውን አማከሩ። ከሥጋና ከወተቱ እየተከለከሉ ሰዓቱን እንዲተዉ ፈቀዱላቸው። «አባ ከአንቺ ይሻላሉ፤ ሳይቆጡ ነው የፈቱኝ» አሉኝ።

ጾምን ካነሣን አይቀር፣ «ጾም ነው፣ መክሳቴ አይቀርም» የሚል ታካሚ ሞልቶናል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ከሱ ወጥቶ ሁለት ኪሎ ጨምሮ የሚመጣ አለ። ቅቤው ቢቀርም ዘይቱ ሽሮው ላይ ይንሳፈፋል፤ ሳምቡሳው፣ ፓስታው፣ ድንች በዳቦው ይከተላል። ዘይት የጾምም ሆነ የፍስክ ያው ዘይት ነው።

ቀጥሎ ትሪውን ጠየቅሁ። «ስንት እንጀራ ይበላሉ?» ብዬ ስጠይቅ ሁልጊዜ የማገኘው መልስ «ምን እበላለሁ ብለሽ!» ነው። ይዋሹኝ ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ግን ቀስ ብለው አስረዱኝ፦ «ከልጆቼና ከልጅ ልጆቼ ጋር ነው የምበላው። ማን ይቆጥራል?» እውነት ነው። ከአንድ ትሪ የሚበላ ሰው የራሱ ድርሻ የሚባል ነገር የለውም። የሚበላው እስኪበቃው ሳይሆን ትሪው እስኪያልቅ ነው። እናት ከሆነች ደግሞ ሌላው ከተነሣ በኋላ «እንዳይጣል» ብላ ወጥ የጠጣውን እንጀራ ትጨርሳለች። ምግባችን ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ጤፍ ብረትም አሰርም አለው። ግን 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ከ70 ግራም በላይ ካርቦሃይድሬት ነው፤ ጥቁርም ሆነ ነጭ መጠኑ ከበዛ ስኳር ይጨምራል።

እኔ ያቀረብኩት መፍትሔ ቀላል መሰለኝ፦ «ለብቻዎ ሳህን ይያዙ።» በሚቀጥለው ቀጠሮ ውጤቱን ነገሩኝ። ለብቻቸው የበሉ ቀን ትልቋ ልጃቸው «ማን አስቀየመሽ?» ብላ አለቀሰች። ለካ እኛ ዘንድ ከትሪ መለየት ኩርፊያ ነው። መጽሐፉ ይህን አልጻፈልኝም።

መፍትሔውን ራሳቸው አመጡት። ከትሪው ፊት ለፊታቸው ካለው እንጀራ ሩቡን ያህል በጣታቸው ይለዩና ጠርዙን አጥፈው እንደ ገመድ ያስተኙታል። ከዚያ ወዲህ የሳቸው ነው፤ ከዚያ ወዲያ አይሻገሩም። በዚያች ሩብ ላይ መጀመሪያ ጎመኑና ምስሩ በዛ ብሎ ይወጣላቸዋል። ሲጨርሱ እጃቸውን አይታጠቡም፤ እጅ ከታጠቡ «ተነሣች» ተብሎ ጉርሻው ይከተላላ! በልተው የጨረሱ ሳይመስሉ ተቀምጠው ያወራሉ፣ ሌላውን ያጎርሳሉ። የልጅ ልጃቸው «የእማማ ድንበር» ትለዋለች፤ ማንም እጁን ቢያሻግር የምትጮኸው እሷ ናት። ጠረጴዛዬ ላይ በወረቀት አጥፈው ሲያሳዩኝ፣ የአመጋገብ ምክር ተብሎ ለዓመታት ከማድለው ወረቀት ሁሉ የሚበልጥ ትምህርት አየሁ። ዛሬ ለሌሎች ታካሚዎች የማሳየው ያን ነው።

ቡናውንም አልተዉም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ በሲኒ ሁለት ማንኪያ ስኳር ቢሆን በአንድ ቁጭታ ስድስት ማንኪያ ነው። መጀመሪያ ወደ አንድ፣ ከዚያ ወደ ግማሽ፣ አሁን ያለ ስኳር ነው። «መጀመሪያ መራራ ነበር፤ አሁን ቡና መሆኑን አወቅሁት» ይላሉ።

ከሁሉ የከበደው ግን ሦስተኛው ነገር ነበር፤ የሰው ዓይን። እኛ አገር «ወፈርሽ» ምስጋና ነው፣ «ተመቸሽ» ማለት ነው። ቦርጭም የደላው ሰው ማዕረግ ነው። «ከሳሽ» ግን ከንፈር መምጠጥን ያስከትላል። በተለይ የእሳቸው ዕድሜ ሰዎች ነፃው የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊት ሰው ሲከሳ ምን እንደተባለና መጨረሻው ምን እንደነበር አልረሱም። መቀነስ እንደጀመሩ በገበያው ወሬ ተነሣ፤ ደንበኛቸው እጃቸውን ይዛ «የደበቅሽኝ ነገር አለ?» አለች። ለሁለት ወር ሙቀቱን ችለው በቀሚሳቸው ሥር ሹራብ ደርበው ዋሉ። እኛ በክሊኒክ «ጎበዝ» ስንል ሰፈሩ ያለቅስ ነበር። ታካሚ ሲቀንስ ማጨብጨብ አይበቃም፤ ለጎረቤት ምን ብሎ እንደሚመልስም ማሰናዳት ያስፈልጋል። እሳቸው በመጨረሻ የያዙት መልስ አጭር ነው፦ «ስኳር አለብኝ፤ ሐኪም አዞኝ ነው።» መደበቁ እንደቀረ ሹራቡም ወለቀ።

ክብደት መቀነስ ምን ያህል ይጠቅማል ለሚለኝ ሰው ደግሞ በሁለት እጅ የምነግረው አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነ የብሪታንያ ጥናት፣ ሕመሙ ከተገኘባቸው ስድስት ዓመት ያልሞላቸውን ሰዎች በሐኪም ክትትል በቀን 850 ካሎሪ ገደማ ብቻ እየሰጠ ለወራት አቆያቸው። በዓመቱ 46 በመቶዎቹ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከበሽታው ወሰን በታች ሆነ፤ 15 ኪሎና ከዚያ በላይ ከቀነሱት ደግሞ 86 በመቶዎቹ። ትልቅ ተስፋ ነው። በሌላው እጅ፣ ኪሎው ሲመለስ ስኳሩም ይመለሳል፤ ያን የመሰለ ጥብቅ ምግብም መድኃኒት እየወሰዱ ቤት ውስጥ በራስ የሚሞከር አይደለም፤ ስኳርን በድንገት ጥሎ ሊገድል ይችላል። ደስ የሚለው፣ ለመጠቀም 15 ኪሎ አያስፈልግም። 88 ኪሎ ለሆነ ሰው አምስት በመቶው አራት ኪሎ ተኩል አይሞላም፤ ያችም ብትሆን ለስኳሩም ለደም ግፊቱም ትረዳለች።

ይህም ለሁሉም አይደለም። በመጠበቂያው አግዳሚ ወንበር ላይ ከእኚህ እናት ጎን ከገጠር የመጣ ቀጭን ገበሬ ይቀመጣል። ስኳር አለበት፤ የሚቀንሰው ሥጋ ግን የለውም። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር «አምስተኛው ዓይነት» ብሎ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው። እኔ ግን ለዓመታት ወረፋው ፊት ቆሜ «ኪሎ ቀንሱ!» ስል ለእሱም ጭምር ነበር። እሱም አንገቱን እየነቀነቀ ይሰማኝ ነበር።

የሽሮ ሜዳዋ እናት በሁዳዴ መጨረሻ 80 ኪሎ ነበሩ፤ በባዶ ሆድ የተለካው ስኳራቸው 121። ባለፈው ግንቦት መጡ። ጫማቸውን ቀስ ብለው አወለቁ፤ ሚዛኑ ላይ ሲወጡ ዓይናቸው ግንባሬ ላይ ነበር። 82 አለ።

«ፋሲካ ነበር እኮ ልጄ» አሉኝ።

«እንኳን አደረሰዎ» አልኳቸው። ካርዱ ላይ 82 ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ ባለችው ጠባብ ቦታ፣ ከዚህ በፊት ለሚዛን ቁጥር ጽፌለት የማላውቀውን ጨመርኩ፦ «ፋሲካ ነበር»።