ያ ቪዲዮ የ2017 ነው፦ አንድ ሴናተር «እምቢ» ሲል ሕግ የሚወድቀው መቼ ነው?

ሰሞኑን ካኩማ አንድ፣ ኢትዮጵያውያን ሰፈር ቡና ልንጠጣ ቁጭ ብለን ሳለ አንድ ወንድማችን ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየን። ሽበታም ሽማግሌ ናቸው። ወደ ፊት ይመጣሉ፣ እጃቸውን ይዘረጋሉ፣ ከዚያ አውራ ጣታቸውን ወደ ታች ያደርጋሉ። «ይኸው!» አለን፤ «ሪፐብሊካኑ ሴናተር ከገዛ ፓርቲያቸው ተለይተው የጤና ሕጉን ጣሉት። አሜሪካ የገቡት ልጆቻችን ሜዲኬይዳቸው አይነካም።»

እውነት ቢሆን ደስታዬ ነበር። በዚያው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ የድምፅ መልእክት ልካልኛለች። ከዚሁ ካምፕ በሪሴትልመንት የሄደች ናት። ስኳር አለባት፤ ግሪን ካርዷ ገና አልደረሰም። «መድኃኒቴን የሚከፍልልኝ ሜዲኬይድ ነው፤ ይቋረጣል የሚሉት እውነት ነው እንዴ?» ትላለች። ቪዲዮውን ልኬላት «አይዞሽ፣ ሕጉ ወድቋል» ብላት ኖሮ አሳስቻት ነበር። ቪዲዮው የተቀነባበረ አይደለም፤ ግን የቆየ ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ ሕግ መጥቷል፤ እሱ ደግሞ አልፏል። ሁለቱን ለይተን እንያቸው።

በ2017 የሆነው

ሰውየው የአሪዞናው ሴናተር ጆን ማኬይን ናቸው። ቀኑ እ.ኤ.አ. ጁላይ 28 ቀን 2017 ነው፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ። ፓርቲያቸው ሪፐብሊካን በ2010 የወጣውንና ሰው ሁሉ «ኦባማኬር» የሚለውን የጤና መድን ሕግ ለማፍረስ ዓመታት ሲዝት ቆይቶ ነበር። ማኬይን የአንጎል ካንሰር እንዳለባቸው የተነገረው ከድምፅ አሰጣጡ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ነው። ከሕክምና ተመልሰው መጀመሪያ ውይይቱ እንዲከፈት ከፓርቲያቸው ጋር ድምፅ ሰጡ። ሕጉ በጥድፊያ፣ ሁለቱ ፓርቲዎች በወጉ ሳይመክሩበት መዘጋጀቱን ግን በግልጽ ተቃወሙ። በመጨረሻው ድምፅ ላይ አውራ ጣታቸው ወደ ታች ወረደ። ውጤቱ 49 ለ51 ሆነ፤ ሕጉ ወደቀ።

እዚህ ላይ ቪዲዮው የማያሳየን ነገር አለ። ማኬይን ብቻቸውን አልነበሩም። የሜይኗ ሱዛን ኮሊንስና የአላስካዋ ሊሳ መርካውስኪም ከዚያው ፓርቲ ሆነው «አይሆንም» ብለዋል። እነሱ ባይኖሩ የማኬይን ጣት ሕጉን አይጥልም ነበር። አንድ እንጨት ብቻውን አይነድም እንደሚባለው ነው።

ሂሳቡ እንዲህ ነው

የአሜሪካ ሴኔት 100 መቀመጫ አለው። ብዙ ሕጎች እዚያ ለማለፍ በተግባር 60 ድምፅ ያስፈልጋቸዋል። ከበጀት ጋር የተያያዘ ሕግ ግን በልዩ ሥርዓት በተራ ብልጫ ማለፍ ይችላል። 50 ለ50 እኩል ከሆነ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ድምፅ ሰጥቶ ይለያል። ሁለቱም የጤና ሕጎች የመጡት በዚህ መንገድ ነው።

በ2017 ሪፐብሊካኖች 52 ነበሩ። ሁለት ቢከዷቸው 50 ይቀራሉ፣ ምክትል ፕሬዚዳንቱም የነሱ ስለሆነ ያልፋል። ሦስት ሲከዷቸው ወደቀ። በ2025 ደግሞ 53 ሆኑ። ስለዚህ ለመጣል አራት ሰው ያስፈልግ ነበር ማለት ነው።

በ2025 የሆነው

በዚህኛው ጊዜ ከፓርቲያቸው የተለዩት የሰሜን ካሮላይናው ሴናተር ቶም ቲሊስ ናቸው። ግዛታቸው ሜዲኬይድን ለተጨማሪ ድሃ ነዋሪዎች የከፈተው በ2023 መጨረሻ ነው። አዲሱ ሕግ ሲመጣ ቲሊስ 663 ሺህ የግዛታቸው ሰዎች ሽፋናቸውን ሲያጡ ምን ልበላቸው ብለው በሴኔቱ ፊት ጠየቁ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በፓርቲው ምርጫ ተፎካካሪ እንደሚያስነሱባቸው ዛቱ። በማግስቱ ቲሊስ በ2026 ዳግም እንደማይወዳደሩ አስታወቁ።

ጁላይ 1 ቀን 2025 ድምፅ ተሰጠ። ቲሊስ፣ ኮሊንስና የኬንታኪው ራንድ ፖል «አይሆንም» አሉ። የፖል ዋና ተቃውሞ በአገሪቱ ዕዳ ላይ እንጂ በጤናው ላይ አልነበረም። 50 ለ50 ሆነ። ምክትል ፕሬዚዳንት ጄ.ዲ. ቫንስ 51ኛውን ድምፅ ሰጡ፤ አለፈ። ጁላይ 4 ተፈረመ።

የሚገርመው፣ በ2017 ከማኬይን ጎን የቆሙት መርካውስኪ በ2025 ለግዛታቸው ለአላስካ አንዳንድ ማሻሻያ ካገኙ በኋላ ሕጉን ደገፉ። በ2017 ከፓርቲያቸው ጋር ሆነው ኦባማኬርን ለማፍረስ ድምፅ የሰጡት ቲሊስ ደግሞ በ2025 እምቢ አሉ። ስለዚህ «እከሌ የኛ ሰው ነው» ብሎ መተማመን አይቻልም። ቲሊስም የተሟገቱት ለግዛታቸው ነዋሪ ነው፤ የመረጣቸው እሱ ነውና።

ታዲያ እኛን ምን አገባን?

በጣም ያገባናል። እስከ አሁን በስደተኝነት አሜሪካ የገባ ሰው ገቢው ዝቅተኛ ከሆነ አምስት ዓመት ሳይጠብቅ ሜዲኬይድ ማግኘት ይችል ነበር። በአዲሱ ሕግ ግን ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ የፌዴራሉ ገንዘብ የሚሸፍነው ዜጎችን፣ ግሪን ካርድ ያላቸውን፣ እንዲሁም ከኩባ፣ ከሄይቲና ከአንዳንድ የፓስፊክ ደሴቶች የመጡ የተወሰኑ ሰዎችን ነው። ግሪን ካርድ ያላገኘ ስደተኛና ጥገኝነት የተፈቀደለት ሰው በዝርዝሩ የሉም። ለነፍስ አድን ድንገተኛ ሕክምና የሚከፈለው ግን ይቀራል።

ለአክስቴ ልጅ የመለስኩላት ይህን ነው፦ ስደተኛ በገባ በዓመቱ ግሪን ካርድ ማመልከት ይችላል፤ አንድ ቀን አታዘግዪ። ያመለከትሽበትን ደረሰኝ በደንብ ያዢ። በስደተኝነት ገብቶ ግሪን ካርድ ያገኘ ሰው ለሜዲኬይድ አምስት ዓመት ጠብቅ አይባልም። አንዳንድ ግዛቶች በራሳቸው ገንዘብ የሚሸፍኑት ነገር ስላለ፣ አንቺ ባለሽበት ምን እንዳለ ኬዝ ወርከርሽን ጠይቂ። መድኃኒትሽንም ዛሬ ይቆማል ብለሽ አትተዪ፤ እንደወትሮው ውሰጂ።

እዚህ ካምፕ ሆናችሁ ጉዳያችሁን ለምትጠብቁ ደግሞ፦ የአሜሪካ ሪሴትልመንት ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ለአብዛኛው ሰው ታግዷል። ሜዲኬይድ ለማያገኙ አዲስ ገቢዎች ይሰጥ የነበረው የስደተኞች የሕክምና ድጎማም በዚያው ዓመት ከ12 ወር ወደ 4 ወር ወርዷል። መንገዱ ሲከፈት የቆየ በሽታ ያለባችሁ የሕክምና ወረቀታችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ እንደደረሳችሁም ቶሎ ታከሙ።

ቡና ላይ ቪዲዮውን ላሳየን ወንድማችን ይህንኑ ስነግረው ትንሽ ቅር አለው። «ታዲያ አንድ ሰው ዋጋ የለውም ማለትህ ነው?» አለኝ። አለው እንጂ። ማኬይንን ጀግና ያደረጋቸው ሦስተኛ መሆናቸው ነው። ቲሊስም ሦስተኛ ሆኑ፤ ያን ቀን ግን የተፈለገው አራተኛ ነበር። ቪዲዮ ሲደርሳችሁ መጀመሪያ ቀኑን እዩ፤ ከዚያ ድምፁን ቁጠሩ። አንድ ሰው በዚያ ተማምኖ ግሪን ካርዱን ሳያመለክት ሊቀር ይችላል።