ከብሽሽት እስከ አንጎል

ያረጀ ጎማ በሳሳው ጎኑ ያብጣል። የአንጎል የደም ቧንቧም ግድግዳው ሲሳሳ እንዲሁ ይሆናል፤ እብጠቱ አኑሪዝም ይባላል። ከመቶ ጎልማሶች 3 ያህሉ ሳያውቁት ይዘውት ይኖራሉ፤ አብዛኛው አይፈነዳም። የፈነዳ ዕለት ግን አንዳንዱ ሕመምተኛ ሆስፒታል ሳይደርስ ይሞታል።

ለብዙ ዓመታት ዋናው ሕክምና የራስ ቅልን ከፍቶ የእብጠቱን አንገት በትንሽ የብረት መቆንጠጫ መያዝ ነበር። ጣሊያናዊው ሐኪም ጊዶ ጉሊየልሚ ሌላ መንገድ አሳየ። ቀደም ሲል በሙከራ ላይ ሳለ የኤሌክትሪክ ኃይል የሽቦን ጫፍ በልቶ ሲጥለው አይቶ ነበር። በ1990 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ ውስጥ ይህንኑ ለሕመምተኛ ተጠቀመበት። ከብሽሽት የገባ ቀጭን ቱቦ፣ ካቴተር፣ በራጅ እየታየ እስከ አንጎል ይደርሳል፤ ለስላሳ የፕላቲነም ሽቦ እብጠቱ ውስጥ ይጠቀለላል፤ ደካማ ኤሌክትሪክ መጋጠሚያውን ሲያሟሟው ሽቦው እዚያው ይቀራል፣ ደምም በዙሪያው ይረጋል። በ2002 የወጣ፣ የፈነዳባቸውን 2,143 ሕመምተኞች ያካተተ ጥናት ከዓመት በኋላ የሞቱት ወይም ያለ ሰው እርዳታ መኖር ያቃታቸው በቀዶ ሕክምናው 30.6 በመቶ፣ በሽቦው 23.7 በመቶ መሆናቸውን አሳየ።

አስቸጋሪዎቹ አንገታቸው ከ4 ሚሊሜትር የሰፋና ስፋታቸው 25 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ግዙፎቹ ናቸው። አፉ ከሰፋ ከረጢት ሽቦው ተንሸራቶ ይወጣና ዋናውን ቧንቧ ይደፍናል። በፊኛ ወይም በስቴንት (በቧንቧ ውስጥ በሚዘረጋ መረብ) ደግፎ መያዝ ይረዳል፤ ለእኔ ትልቁ እመርታ ግን ከረጢቱን መሙላት ትቶ የደሙን መንገድ ማቃናት ነው። በ2011 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ፓይፕላይን ከ48 ቀጫጭን ክሮች የተጎነጎነ የወንፊት ቱቦ ነው። የሚዘረጋው በዋናው ቧንቧ ውስጥ፣ በእብጠቱ አፍ ላይ ነው። ደሙ በቱቦው ያልፋል፤ ከረጢቱ ውስጥ የቀረው እንደ ኩሬ ውኃ ቆሞ ይረጋል፤ የቧንቧው ውስጠኛ ሽፋንም በወንፊቱ ላይ ያድጋል። በዚያው ስፍራ የሚነሱ ትንንሽ ቅርንጫፎች ግን በቀዳዳዎቹ በኩል ደማቸውን ማግኘት ይቀጥላሉ። ይህ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም፤ በመሣሪያው ዋና ጥናት በስድስት ወር የተዘጉት እብጠቶች ከአራቱ ሦስቱ ያህል ነበሩ።

ወንፊቱ ራሱ ደም እንዳያረጋ ሕመምተኛው ለወራት አስፒሪንና ክሎፒዶግሬል ይወስዳል። መድኃኒቱን ማቋረጥ ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል። አዲስ በፈነዳ አኑሪዝም ላይ ሐኪሞች ይህን መሣሪያ ለመጠቀም የሚያመነቱትም መድኃኒቶቹ መድማትን ስለሚያባብሱ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ በሕይወትዎ አይተውት የማያውቁት ራስ ምታት እንደ መብረቅ ድንገት ከመታዎት አኑሪዝም የፈነዳበት ምልክት ሊሆን ይችላልና ማስታገሻ ውጠው አይተኙ፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂዱ።