የተሳቢ መብራት ሲደክም፤ ጥፋቱ የአምፖሉ ነውን?

በወላይታ ዞን ከዲምቱ ወደ ብላቴ ወንዝ አቅጣጫ በምሽት የሚጓዝ አሽከርካሪ ከፊቱ ያለውን ረጅም የጭነት መኪና የሚያውቀው በተሳቢው የኋላ መብራት ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ተሽከርካሪ በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ያህል ይሸፍናል። የተሳቢው የፍሬን መብራት ካልበራ፣ ወይም በርቶ ከደከመ፣ ከኋላ የሚመጣው ሰው የሚያጣው እነዚህን ውድ ሜትሮች ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የሕይወት ጉዳይ ነው።

መብራት ሲደክም በቅድሚያ የሚቀየረው አምፖሉ ነው። በአሮጌ ተሳቢዎች ላይ ግን አዲሱም አምፖል እንደ ቀድሞው ሲደክም ይታያል። ምክንያቱን በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን።

የመመለሻው መንገድ

ኤሌክትሪካዊ ጅረት ከባትሪው ወጥቶ በአምፖሉ ውስጥ ካለፈ በኋላ ወደ ባትሪው መመለስ አለበት። ይህን የመመለሻ መንገድ መካኒኮች «ማሳ» ይሉታል። በተሳቢ ላይ ማሳው ከአምፖሉ መያዣ ወደ ሻንሲው፣ ከሻንሲው ወደ ሶኬቱ፣ ከሶኬቱም በኬብል ወደ ሳቢው መኪና ይደርሳል። አቧራ፣ ዝናብና ንዝረት እያንዳንዱን መገናኛ ያዝጋሉ፤ ያላላሉም። ዝገት ደግሞ ጅረትን ይቃወማል፤ ይህም ሙግደት ወይም ሬዚስታንስ ይባላል።

ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ባሳተመው ሕግ መሠረት፣ በአንድ ሙግደት ላይ የሚጠፋው ቮልቴጅ የጅረቱና የሙግደቱ ብዜት ነው። የዛገው ማሳ 5 ኦም ሙግደት አለው እንበል። በ24 ቮልት የሚሠራ ባለ 21 ዋት የፍሬቻ አምፖል ብቻውን ሲበራ 20 ቮልት ያህል ይደርሰዋል፤ ጉድለቱም ብዙም ላይታይ ይችላል። ሁለቱ የፍሬን መብራቶች፣ አንዱ ፍሬቻና ሁለቱ ባለ 5 ዋት የኋላ መብራቶች አብረው ሲበሩ ግን ጅረቱ ስለሚጨምር ለአምፖሎቹ የሚደርሰው ወደ 15 ቮልት ይወርዳል። የባለ ክር አምፖል ብርሃን ከቮልቴጁ እጅግ ፈጥኖ ስለሚቀንስ፣ የሚቀረው ብርሃን ከአምስት እጅ አንዱ ያህል ነው። የክሩ ሙግደት ከሙቀቱ ጋር ስለሚለዋወጥ ስሌቱ ግምታዊ ነው።

በሌሎች አገሮች ቤተሰቦች ለሽርሽር የሚጎትቷቸው ካራቫኖች በ12 ቮልት ስለሚሠሩ ችግሩ ይብስባቸዋል። ለተመሳሳይ ዋት ጅረቱ እጥፍ ስለሚሆን፣ ያው ዝገት ከቮልቴጁ የሚወስደው ድርሻ አራት እጥፍ ገደማ ይደርሳል።

ምልክቶቹ

መብራቶቹ ለየብቻ በደንብ በርተው አንድ ላይ ሲበሩ ከደከሙ፣ ፍሬን ሲረገጥ ሌላ መብራት ፈዘዝ ብሎ ከበራ፣ ወይም ፍሬቻው ሲበራ የኋላ መብራቱ አብሮት ብልጭ ድርግም ካለ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ማሳው ነው። መመለሻ ያጣ ጅረት በሌላ አምፖል በኩል መውጫ ይፈልጋልና። የማሳው ሽቦ ሲበጠስ ጅረቱ በመጎተቻው ብረት በኩል ሊመለስም ይችላል፤ ያን ጊዜ መብራቱ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ይጠፋል፤ ይበራል።

እንዴት እንፈትሽ?

በቅድሚያ መኪናው ተቆሞ ጎማው በታኮ ይደገፍ። ሶኬቱ ተከፍቶ ጫፎቹ ይታዩ። በተለመደው ባለ 24 ቮልት ባለ ሰባት ጫፍ ሶኬት 1ኛው ማሳ፣ 2ኛውና 6ኛው የኋላ መብራቶች፣ 3ኛውና 5ኛው ፍሬቻዎች፣ 4ኛው የፍሬን መብራት ናቸው። ብዙ ጊዜ በተጠገነ ተሳቢ ላይ የሽቦ ቀለም ስለማያስተማምን፣ በሶኬቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር እንከተል።

ቀጥሎ በመልቲሜትር እንለካለን። መብራቶቹ ጠፍተው ከተለካ፣ በማሳው ውስጥ ጅረት ስለሌለ ዝገቱ ምንም ቮልቴጅ አያጠፋም፤ ንባቡም ያታልላል። ስለዚህ መብራቶቹ ሁሉ በርተው አንዱን ጫፍ በባትሪው አሉታዊ ጫፍ፣ ሌላውን በአምፖሉ ማሳ ላይ እናድርግ። ንባቡ ለዜሮ የቀረበ መሆን አለበት፤ ከግማሽ ቮልት በላይ ከሆነ ጥፋት አለ ማለት ነው። ከዚያ ከአምፖሉ ወደ ሻንሲው፣ ወደ ሶኬቱ፣ ወደ ሳቢው ደረጃ በደረጃ እንለካ፤ ንባቡ በድንገት የሚወርድበት መገናኛ ጥፋተኛው ነው። አረንጓዴ ያበቀለው የመዳብ ሽቦ ንጹሑ እስኪታይ ይቆረጥ፤ የሻንሲው ብረት በብርጭቆ ወረቀት ይጽዳ፤ ቡሎኑ ይጥበቅ፤ በመጨረሻም እርጥበት እንዳይገባ ግራሶ ይቀባ።

ማሳው ጤነኛ ከሆነ የሚመጣውን መስመር በተመሳሳይ መንገድ ከባትሪው አወንታዊ ጫፍ እስከ አምፖሉ እንፈትሽ። ፊውዝ የሚበጥስ መስመር ካለ፣ ብዙውን ጊዜ ሽቦው ከሻንሲው ጋር ተፋትጎ ተልጧል። በፊውዙ ቦታ ወፍራም ሽቦ ማሰር ግን ጥፋቱን ወደ ኬብሉ ማዛወር ነው፤ ኬብሉም ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

አንድ አምፖል ከመግዛታችን በፊት አንድ መገናኛ እናጽዳ። በጨለማ መንገድ ላይ ከኋላችን ያለው ሰው የሚያየው ሥራችንን ነውና።