የክፉውን ገጸ ባሕርይ ስትከራከሩ የከሰሉን ነገር አትርሱ

ተከታታይ ድራማ ያለ ክፉ ሰው አይጥምም። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ይተላለፍ የነበረውን «ሰው ለሰው»ን የተከታተላችሁ አስናቀን አትረሱትም። አበበ ባልቻ የተጫወተው ይህ ገጸ ባሕርይ ስንቱን ቤተሰብ አከራክሯል! «ይያዛል»፣ «የለም፣ ያመልጣል» ሲባል ምሽቱ ይገፋል።

ክርክሩ ጤናን አይጎዳም። ችግሩ ሌላ ነው። እንጅባራን በመሳሰሉ ደጋ ከተሞች ምሽቱ ይበርዳል፤ በር ይዘጋል፤ የከሰል ማንደጃ ወደ ቤት ይገባል። አካባቢው ደግሞ ከሰል አያጣም፤ በፋግታ ለኮማ ወረዳ ከዲከረንስ ዛፍ የሚከሰለው የታወቀ ነው።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ይወጣል። ቀለምም ሽታም የለውም። በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ስለሚይዝ አንጎልና ልብ ይጎዳሉ። ብዙ ሰው «ጭሱ ካለቀ ፍሙ አይጎዳም» ይላል። ስህተት ነው፤ ጋዙ ከፍሙም ይወጣል።

በክርክሩ መሐል ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ የብርድ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ በተለይ ሁለት ሦስት ሰው አንድ ላይ ካመመው። ሁላችሁም ወዲያው ወደ ውጭ ውጡ፤ የታመመውንም ወደ ጤና ተቋም አድርሱ። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ምልክቱ ቢቀልም ይመርመሩ። ራሱን ለሳተ ሰው ወተት አትጋቱ፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

ማንደጃውን ውጭ ትታችሁ ጋቢ ደርባችሁ ተመልከቱ። መስኮት ገርበብ ማድረግ ብቻውን አይበቃም። ፍም ጥግ አስቀምጦ መተኛትማ ፈጽሞ አይሞከርም፤ የተኛ ሰው ራስ ምታቱ ሳይሰማው ራሱን ሊስት ይችላል።