ዋልያስ ባንድ፦ ስሙ፣ ተጫዋቾቹና መሣሪያው

ዋልያስ ባንድ በ1970ዎቹ መጀመሪያ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው) በአዲስ አበባ የቬነስ የምሽት ክበብ ይሠሩ በነበሩ ሙዚቀኞች የተመሠረተና ለአሥር ዓመት ያህል የከተማዋን ዘመናዊ ሙዚቃ ከመሩት ቡድኖች አንዱ ነው። ስሙ በሸክላና በካሴት ላይ አንድ ሆኖ ቢቆይም በሥሩ የሚጫወቱት ሰዎች ግን ይለዋወጡ ነበር፤ ድምፃዊ ይመጣል ይሄዳል፣ አንድ አቀናባሪ ለአንድ አልበም ይጨመራል፣ ኦርጋን ተጫዋቹም ከሌላ ባንድ ጋር ገብቶ ይቀርጻል። የባንዱን ታሪክ በአባላት ዝርዝር ብቻ ለመከታተል የሚሞክር ሰው ብዙም አይራመድም፤ ዋልያስን ከቀደሙት የለየው ትልቁ ነገር ተጫዋቾቹ የሚሠሩበት መሣሪያ የራሳቸው መሆኑ ነበርና።

ይህ ነገር የነበረውን ክብደት ለመረዳት ከዚያ በፊት የነበረውን ሥርዓት ማየት ያስፈልጋል። ዘመናዊ የሙዚቃ ቡድን በኢትዮጵያ ያደገው በመንግሥት ጥላ ሥር ነው። በ1924 ራስ ተፈሪ መኮንን ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው፣ “አርባ ልጆች” በሚል ስም የሚታወቁት አርመናውያን ወላጅ አልባ ወጣቶች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የነሐስ መሣሪያ ቡድን ሆነው ተደራጁ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓሥርት ዓመታት ደግሞ የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራዎች እንዲሁም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ቡድን የከተማውን መድረክ ያዙ። በእነዚህ ተቋማት ሙዚቀኛው ደመወዝተኛ ነበር፤ ትራምፔቱ የክፍሉ ንብረት፣ የደንብ ልብሱም የመሥሪያ ቤቱ ነበር፤ አንድ ሰው ቢለቅም ተቋሙ ሌላ ሰው በቦታው ይተካ ስለነበር የተጫዋች መለወጥ ከቢሮ ዝውውር ብዙም የተለየ ነገር አልነበረም።

በ1960ዎቹ መጨረሻ የግል የምሽት ክበቦች ሲበራከቱ አሠሪው ተለወጠ እንጂ ሥርዓቱ ብዙ አልተለወጠም። ኦርጋኑን፣ ድራሙንና የድምፅ ማጉያውን የሚገዛው የክበቡ ባለቤት ስለነበር ባንዱ በተግባር የእሱ ነበር፤ ከባለቤቱ ጋር ያልተስማማ ሙዚቀኛ በሩን ሲወጣ ልምዱን እንጂ መሥሪያውን ይዞ አይወጣም። የዋልያስ አባላት ከቬነስ ወጥተው የራሳቸውን መሣሪያ ሲገዙ ይህን ሰንሰለት በጠሱት፤ ከዚያ ወዲያ ለተቀጣሪ የሚሰጠው ደመወዝ ቀርቶ በባንዱ ስም የሚፈረም ውል መጣ። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለበርካታ ዓመታት የአዲስ አበባ ሂልተን ቋሚ ባንድ የሆኑትም በዚሁ መንገድ ነው። ቋሚ ባንድ ሲባል በአንድ ሆቴል በውል ተይዞ ምሽት ምሽት የሚጫወት፣ የእንግዳውን ምርጫ አይቶ ከአገር ቤት ዜማ እስከ ባሕር ማዶ የዳንስ ሙዚቃ የሚያቀርብ ቡድን ማለት ነው።

የዋልያስ ዋና ተጫዋቾች በታወቀው ዘመናቸው ኃይሉ መርጊያ በኦርጋን፣ ሞገስ ሀብቴ በሳክስፎን፣ ዮሐንስ ተኮላ በትራምፔት፣ መሐሙድ አማን በጊታር፣ መላከ ገብሬ በቤዝ ጊታርና ተማረ ሐረጉ በድራም ነበሩ፤ ፒያኖ ተጫዋቹና አቀናባሪው ግርማ በየነም ከእነሱ ጋር ሠርተዋል። አቀናባሪ ማለት አንድን ዜማ ተቀብሎ እያንዳንዱ መሣሪያ የሚገባበትንና የሚወጣበትን ቦታ፣ የነሐስ መሣሪያዎቹን ምላሽና የቤዙን አካሄድ የሚወስን ሰው ነው። በኢትዮጵያ ሙዚቃ የዚህ ሰው ድርሻ ከሚታሰበው እጅግ የላቀ ነው፤ በብዙ ካሴቶች ሽፋን ላይ ግን ጎልቶ የሚታየው የድምፃዊው ስምና ምስል ሲሆን ተጫዋቾቹ በባንዱ ስም ተጠቅልለው ያልፋሉ። ስለዚህ በዚያ ዘመን ማን ከማን ጋር እንደተጫወተ ማወቅ የሚፈልግ አድማጭ ዋናው ማስረጃው ጆሮው ነው፤ ይህም ለእነዚያ ሙዚቀኞች ያልተከፈላቸው ትልቅ ዕዳ ነው።

ድምፃውያኑ የባንዱ አባል ሳይሆኑ የባንዱ እንግዶች መሆናቸው ዋልያስን በተመሳሳይ ዘመን ከነበሩት የምዕራብ የሮክ ባንዶች ይለየዋል። ለምሳሌ ከካናዳዋ ዊኒፔግ ከተማ በተነሣው ጌስ ሁ በተባለው ባንድ ጊታር ተጫዋቹ ራንዲ ባችማን በ1970 ሲወጣ የባንዱ አቅጣጫ አብሮ ተለወጠ፤ ድምፃዊው በርተን ከሚንግስ በ1975 ሲሄድ ደግሞ ባንዱ ፈረሰ፤ በኋላም ቤዝ ተጫዋቹ ጂም ኬል ስሙን አንሥቶ ከሌሎች ሰዎች ጋር ሲጠቀምበት ስሙ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ለብዙ ዓመታት አወዛገበ። ባንዱ በድምፃዊው ድምፅ በሚታወቅበት አገር የሰው መለወጥ የማንነት ጥያቄ ይሆናል። በአዲስ አበባ ግን አንድ ባንድ በአንድ ሳምንት ለብዙ ድምፃውያን ያጅብ ስለነበር፣ አድማጩ ባንዱን የሚለየው በምቱ፣ በኦርጋኑ ቀለምና በነሐስ መሣሪያዎቹ አገባብ ነበር።

ይህ ማንነት ያለ ድምፃዊ መቆም እንደሚችል ያሳየው “ቸ በለው” የተሰኘው የ1977 አልበም ነው። አልበሙ የመሣሪያ ሙዚቃ ሲሆን ከባንዱ ቋሚ ተጫዋቾች ጋር ሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን ተጫውተውበታል፤ ቫይብራፎን በመዶሻ የሚመታ፣ ከዝርግ ብረቶቹ በታች ባሉት ቱቦዎች ድምፁ የሚርገበገብ መሣሪያ ነው። የግርማ በየነ ድርሰት የሆነው “ሙዚቃዊ ስልት” ከአልበሙ ሥራዎች ሁሉ ይበልጥ ርቆ ተጓዘ፤ ዛሬም በብዙ አገሮች ያሉ ባንዶች ይጫወቱታል። የመሣሪያ ሙዚቃ በዚያን ጊዜ መጠናከሩ በአጋጣሚ አልነበረም። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ የዘፈን ግጥም በሳንሱር ያልፍ ነበር፤ ግጥም የሌለው ዜማ ግን የሚመረመር ቃል አልነበረውም። የሰዓት እላፊ ገደብም ሥራውን ለወጠው፤ ሌሊት መንቀሳቀስ የተከለከለ በመሆኑ የሂልተን ታዳሚ ገደቡ እስኪነሣ በዚያው ይቆያል፣ ባንዱም እስከ ንጋት ይጫወታል። ሌሊቱን ሙሉ አብሮ የሚጫወት ቡድን አንዱ የሌላውን እጅ ሳያይ ያውቀዋል፤ በቀረጻዎቹ ላይ የሚሰማው ያልተጣደፈ መግባባት የተገኘው ከእነዚያ ረጃጅም ሌሊቶች ይመስላል።

ስሙን የተሸከሙት ሰዎች ግን በአንድ አጥር ውስጥ አልታጠሩም። ኃይሉ መርጊያ በ1978 “ወደ ሐረር ጉዞ” የተሰኘውን ካሴት የሠሩት ከዋልያስ ጋር ሳይሆን ከዳህላክ ባንድ ጋር ነው። በዚያው ዘመን አይቤክስ ባንድ በተቃራኒው መንገድ ሄደ፤ በ1975 ከድምፃዊው ማህሙድ አህመድ ጋር “ኧረ መላ መላ”ን የቀረጸው ይህ ባንድ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስሙን ሮሃ ብሎ ሲቀጥል፣ ቤዝ ተጫዋቹ ጆቫኒ ሪኮና ጊታር ተጫዋቹ ሰላም ሥዩም ወልደማርያም ግን ዋልታ ሆነው ቆዩ። ስለዚህ አይቤክስና ሮሃ ስሙ ተለውጦ ሰዎቹ የቀሩበት፣ ዋልያስ ደግሞ ስሙ ቆሞ ሰዎቹ የተዘዋወሩበት ምሳሌ ናቸው፤ ሮሃ በ1980ዎቹ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ካሴቶች አጃቢ ለመሆን የበቃው በዚያ ጽኑ ዋልታ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የዋልያስ ትልቁ መለወጥ የመጣው በ1981 ነው። ባንዱ ከድምፃውያኑ ከማህሙድ አህመድና ከጌታቸው ካሳ ጋር ወደ ዩናይትድ ስቴትስ ተጉዞ በአብዛኛው በስደት ላይ ለነበሩ ኢትዮጵያውያን ተጫወተ፤ ከአገር ለመውጣት የመንግሥት ፈቃድ የግድ በነበረበት በዚያ ጊዜ ለአንድ ዘመናዊ የኢትዮጵያ ባንድ ይህን መሰል ጉዞ ማድረግ አዲስ ነገር ነበር። ጉዞው ሲያልቅ ቡድኑ ለሁለት ተከፈለ። ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ በአሜሪካ ቀሩ፤ ተማረ ሐረጉና ዮሐንስ ተኮላ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ኦርጋኑና ቤዙ በአንድ አህጉር፣ ድራሙና ትራምፔቱ በሌላው ሆኑ፤ ዋልያስም በዚሁ አበቃ።

በዋሽንግተን የቀሩት ዙላ የተባለ ባንድ አቋቁመው ለጥቂት ጊዜ ሠሩ፤ እሱም አልዘለቀም። ከዚያ በኋላ ኃይሉ መርጊያ በ1985 አንድ ያልተለመደ ነገር አደረጉ፤ አኮርዲዮን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሲንተሳይዘርና የምት ማሽን (ድራም በሰው ሳይመታ ምቱን የሚሰጥ መሣሪያ) ይዘው ብቻቸውን አንድ ካሴት ቀረጹ። የሙሉ ባንድ ሥራ በአንድ ሰው እጅ ገባ፤ ሆኖም የቅኝቱ አያያዝ ያው የሂልተን ሌሊቶች ቋንቋ ነው። ከዚያ ለረጅም ዓመታት ኑሯቸውን በታክሲ ሹፌርነት ሲመሩ ኪቦርዳቸውን በመኪናው ዕቃ መጫኛ ይዘው፣ ተሳፋሪ በሚጠብቁበት ሰዓት ይለማመዱ ነበር። ያ ካሴት ባሕር ዳር ላይ በአንድ አሜሪካዊ አሳታሚ እጅ ገብቶ በ2013 እንደገና ታተመ፤ “ቸ በለው”ም በ2014 ተከተለው።

ከዚህ በኋላ ኃይሉ መርጊያ በዓለም መድረኮች የቀረቡት በሦስት ሰው ባንድ ነው። “ላላ በሉ” በተሰኘው የ2018 አልበም ቤዙን ማይክ ማይኮውስኪ፣ ድራሙን ቶኒ በክ ተጫውተዋል፤ ሁለቱም አውስትራሊያውያን ናቸው። በሌሎች ዝግጅቶች ደግሞ ዓለምሰገድ ከበደ በቤዝ፣ ኬኔዝ ጆሴፍ በድራም አብረዋቸው ቆመዋል። ግርማ በየነም ከሙዚቃ ለረጅም ጊዜ ርቀው ከቆዩ በኋላ በ2017 አካሌ ውቤ ከተባለው የፓሪስ ባንድ ጋር አልበም አወጡ፤ የዚያ ባንድ ወጣት ፈረንሳውያን አባላት የአዲስ አበባን የ1970ዎቹ ሙዚቃ የተማሩት ከድሮ ቀረጻዎች ሲሆን፣ ያን ሙዚቃ ካቀናበሩት ሰዎች አንዱ በፒያኖው ፊት ተቀምጠው አብረዋቸው ተጫወቱ።