ከመፋቅ በፊት ማንበብ፦ የፍላሽ ሜሞሪ ኢሜጅ ለምን አልነሣ ይላል?

ሪሲቨሩ ይበራል፤ የፊት መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፤ የአምራቹ ዓርማ በስክሪኑ ላይ ብቅ ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ምንም የለም። ይህ የገጠመው ተመልካች በአብዛኛው የሚሰማው ምክር አንድ ነው፤ «ሶፍትዌሩ ጠፍቷል፤ አጥፍቶ እንደገና መጫን ነው»። ምክሩ የሚሠራበት ጊዜ አለ። የማይሠራበት ጊዜ ግን ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል፤ አዲስ የተጫነውም አይነሣም፣ በመሣሪያው ውስጥ የነበረው የባለቤቱ መረጃና የብልሽቱ ማስረጃም አብሮ ይጠፋል።

ከሳተላይት ሪሲቨሮች፣ ከዋይፋይ ራውተሮች፣ ከደኅንነት ካሜራ መቅረጫዎችና ከዘመናዊ መኪናዎች ስክሪን መካከል ብዙዎቹ ሊኑክስ በተባለው ሥርዓተ ክወና የሚሠሩ ትንንሽ ኮምፒውተሮች ናቸው። ሥርዓተ ክወናው፣ ፕሮግራሞቹና የባለቤቱ ምርጫዎች ሁሉ የሚቀመጡት ከእጅ ጥፍር እምብዛም በማይበልጥ የፍላሽ ሜሞሪ ቺፕ ላይ ነው። የዚህ ቺፕ ይዘት በአንድ ፋይል ተጠቅልሎ ሲቀርብ ባለሙያዎች «ኢሜጅ» ይሉታል። ኢሜጅ ግን እንደ ተራ ሰነድ በየትም የሚገለበጥ ነገር አይደለም፤ ለአንድ ዓይነት ቺፕ በልክ እንደተሰፋ ልብስ ነው። ስለዚህ አልነሣ ያለ መሣሪያ ሲመረመር ቀዳሚው ጥያቄ «ምን ይጫንበት?» ሳይሆን «የቱ ልክ ነው ያልገጠመው?» የሚለው ነው።

ፍላሽ እንደ ብራና

ፍላሽ ሜሞሪ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በጃፓኑ ቶሺባ ኩባንያ ይሠሩ በነበሩት መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካ የተፈጠረ ነው። ጠባዩ ከወረቀት ይልቅ ወደ ብራና ያደላል። የተጻፈበት ብራና ካልተፋቀ ሌላ ጽሑፍ አይቀበልም፤ ደጋግሞ ከተፋቀም ይሳሳል። ናንድ በሚባለው የተለመደ የፍላሽ ዓይነት አንድ ገጽ በብዛት 2,048 ባይት ይይዛል፤ 64 ገጾች በአንድነት ተጠርዘው 128 ኪሎባይት የሚይዝ ብሎክ ይሆናሉ። መጻፍ በገጽ በገጽ ይቻላል፤ መፋቅ የሚቻለው ግን ጥራዙን በሙሉ ነው። በአንድ ሕዋስ አንድ ቢት ብቻ የሚይዙ ቺፖች አንድ መቶ ሺህ ያህል ጊዜ መፋቅን ይችላሉ፤ በአንድ ሕዋስ ብዙ ቢት የሚያጭቁት ርካሾቹ ግን ጥቂት ሺህ ጊዜ ብቻ።

እያንዳንዱ ገጽ ኅዳግም አለው፤ በተለመደው ቺፕ 64 ባይት ነው። ከፋብሪካ ሲወጡ ጀምሮ የማይሠሩ ብሎኮች ምልክት የሚደረግባቸው በዚህ ኅዳግ ላይ ነው። ከጊዜ በኋላ ቢቶች ሲዛነፉ የሚያቃናው የስሕተት ማረሚያ ኮድም በዚያው ይሰፍራል። ጸሐፊ የዘለለውን ቃል በኅዳጉ እንደሚያርም ሁሉ፣ መሣሪያውም ገጹን የሚያነበው ከኅዳጉ ጋር እያመሳከረ ነው።

ለተራ ሃርድ ዲስክ የተሠራ የፋይል ሥርዓት ይህን ጠባይ አያውቅም። በመሆኑም እ.ኤ.አ. በ1999 የስዊድኑ አክሲስ ኩባንያ ለፍላሽ የተለየ ሥርዓት አወጣ፤ በ2001 በሬድ ሃት የነበሩት ዴቪድ ውድሃውስ አሻሽለውት ጄኤፍኤፍኤስ 2 ተባለ። በ2008 ደግሞ የኖኪያ መሐንዲሶች ከሃንጋሪው ሴጌድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ያዘጋጁት ዩቢአይኤፍኤስ ወደ ሊኑክስ ገባ። ይህኛው ዩቢአይ በተባለ ሽፋን ላይ ይቀመጣል፤ የሽፋኑ ሥራ መፋቁን በብሎኮች ሁሉ ላይ ማከፋፈልና የተበላሹትን መዝለል ነው።

ከፋርመርስ ብራንች ጎረቤት የመጣ ትምህርት

የልክ አለመግጠም ምን ያህል አሳሳች እንደሆነ የሚያሳየው አንዱ ምሳሌ ከዳላስ የመጣ ነው። ከዳላስ በስተሰሜን ምዕራብ ከምትገኘው ከፋርመርስ ብራንች ተነሥቶ በ635 አውራ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ጥቂት ማይሎች የነዳ ሰው የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤት ወዳለበት አካባቢ ይደርሳል። ጃክ ኪልቢ እ.ኤ.አ. በ1958 የመጀመሪያውን የተቀናጀ ሰርኪውት ያሳዩት በዚህ ኩባንያ ውስጥ ነበር። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ2008፣ የኩባንያውን ኦማፕ 3530 ፕሮሰሰር የተሸከመው ቢግልቦርድ የተባለ አነስተኛ ኮምፒውተር ወጣ፤ ብዙ ተማሪዎችና መሐንዲሶችም ሊኑክስን በትንንሽ መሣሪያዎች ላይ ማስነሣት የተለማመዱበት ሆነ።

ፕሮሰሰሩ ኃይል ሲያገኝ በራሱ ውስጥ የታተመው መነሻ ፕሮግራም ከናንዱ የመጀመሪያ አራት ብሎኮች አንዱን ያነብባል። በሚያነብበት ጊዜ በኅዳጉ ላይ አንድ የተወሰነ፣ በሃርድዌር የሚሰላ የማረሚያ ኮድ ይጠብቃል። በዚያ ዘመን የነበረው የሊኑክስ ከርነል ደግሞ ለቀሩት ክፍሎች በሶፍትዌር የሚሰላ ሌላ ኮድ ይጠቀም ነበር። ስለዚህ ዩ-ቡት በተባለው አስነሺ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ለመጀመሪያዎቹ ብሎኮች አንዱን፣ ለከርነሉና ለፋይል ሥርዓቱ ሌላውን ኮድ በትእዛዝ መምረጥ ነበረበት።

ይህን ቅያሬ የዘነጋ ሰው የሚያየው አስደንጋጭ ነገር ነው፤ ከርነሉ ከገጽ ገጽ «የማይታረም ስሕተት» እያለ ይጮኻል። ቺፑ ያረጀ፣ ኢሜጁም የተበላሸ ይመስላል። እውነቱ ግን ሁለቱም ደኅና መሆናቸው ነው። ጸሐፊው በግእዝ አኃዝ በኅዳጉ ያሰፈረውን አንባቢው እንደ ሌላ አኃዝ ሊያነብበው ሞከረ እንጂ ጽሑፉስ አልጠፋም። በዚህ ቅጽበት ቺፑን መፋቅ ደኅና ነገር ማጥፋት ነው።

የምርመራው ቅደም ተከተል

አንደኛው እርምጃ ማዳመጥ ነው። በአብዛኞቹ መሣሪያዎች ቦርድ ላይ ባለሙያ የሚጠቀምበት ተከታታይ የመረጃ ወደብ አለ። በተገቢው ቮልቴጅ ወደ ኮምፒውተር ሲገናኝ መሣሪያው ሲነሣ የሚናገረውን ሁሉ በጽሑፍ ያሳያል። አስነሺው ፕሮግራም ራሱ ካልተናገረ ችግሩ ከፋይል ሥርዓቱ በፊት ነው። ከርነሉ ተነሥቶ መሠረታዊ ማውጫውን ማግኘት ካቃተው ግን ጥርጣሬው ወደ ኢሜጁ ያዘነብላል።

ሁለተኛው፣ ምንም ከመፋቁ በፊት ያለውን ገልብጦ ማስቀመጥ ነው። እዚህ ላይ የፋይሉ መጠን ብቻውን ብዙ ይናገራል። ኅዳጉ ሳይጨመር የተገለበጠ ብሎክ 131,072 ባይት ነው፤ ከኅዳጉ ጋር ሲሆን 135,168 ይሆናል። 1,024 ብሎክ ያለው ቺፕ በመጀመሪያው መንገድ 134,217,728፣ በሁለተኛው 138,412,032 ባይት ይወጣዋል። ኅዳግ ያለበትን ቅጂ ኅዳግ እንደሌለው አድርጎ የጻፈ ሰው ከሁለተኛው ገጽ ጀምሮ ሁሉንም ከቦታው አንሸራቶታል።

ሦስተኛው፣ የኢሜጁን የመጀመሪያ ባይቶች ማየት ነው። ጄኤፍኤፍኤስ 2 በአሥራ ስድስትዮሽ 1985 የሚል ቁጥር በየመዝገቡ ራስ ላይ ያኖራል። ቁጥሩ በፋይሉ ውስጥ 19 85 ሆኖ ሲገኝ ኢሜጁ ከትልቁ ወገን ለሚያነብ ፕሮሰሰር፣ 85 19 ሆኖ ሲገኝ ከትንሹ ወገን ለሚያነብ ፕሮሰሰር የተዘጋጀ ነው። ከርነሉ ይህ ቁጥር «አልተገኘም» ብሎ ደጋግሞ ከጻፈ ሦስት ነገሮች ይመረመራሉ፤ የአነባበቡ ወገን፣ የብሎኩ መጠን፣ እና ክፍልፋዩ የሚጀምርበት አድራሻ።

አራተኛው፣ የአጻጻፉ መንገድ ነው። የዩቢአይ ሽፋን ያለው ኢሜጅ በየብሎኩ ራስ ላይ የዩቢአይ ምልክት አለበት፤ ዩቢአይኤፍኤስ ብቻውን ግን ከሽፋኑ ውስጥ በተዘጋጀ ቦታ መቀመጥ ይኖርበታል። ሁለተኛውን በቀጥታ ቺፑ ላይ መጻፍ የተለመደ ስሕተት ነው። ይበልጥ የሚያደናግረው ደግሞ መጀመሪያ በትክክል ተነሥቶ ውሎ አድሮ የሚወድቀው መሣሪያ ነው። የዚህ አንዱ መንሥኤ ባዶ ገጾችን እንደ ጽሑፍ መጻፍ ነው። ባዶው ገጽ ኅዳጉ ላይ ኮድ ይሰፍርበታል፤ በኋላ እውነተኛ ጽሑፍ ሲመጣ ኅዳጉ ቀድሞ ተይዞ ይገኛል። መፍትሔው መጻፊያው ፕሮግራም ባዶ ገጾችን እንዲዘል ማድረግ ነው።

የሞላና ያረጀ

አንዳንዴ ልኩ ሁሉ ገጥሞ መሣሪያው አይነሣም። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በኢትዮጵያ በአዲስ አበባና በገጠር ትምህርት ቤቶች የተከፋፈሉት «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ፕሮጀክት አረንጓዴና ነጭ ኮምፒውተሮች አንድ ጊጋባይት ናንድ ፍላሽ ነበራቸው፤ በላዩም ጄኤፍኤፍኤስ 2። ሕፃናት ሥዕላቸውን፣ ፎቶግራፋቸውንና ጽሑፋቸውን ሲያከማቹ ሜሞሪው ከሞላ ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚጽፍበት ቦታ ስለሚያጣ መንገድ ላይ ይቆም ነበር። ኢሜጁን በዩኤስቢ እንደገና መጫን ቀላል ነበር፤ የልጁ ሥራ ግን አብሮ ይፋቃል። ኮምፒውተሩን በሌላ መንገድ አስነሥቶ ጥቂት ፋይሎችን ማስወገድ ያንኑ ችግር ያለ ኪሳራ ይፈታዋል።

እርጅናው ደግሞ በቴስላ መኪናዎች ላይ ታይቷል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ 134,951 የሞዴል ኤስና የሞዴል ኤክስ መኪናዎችን ለጥገና ጠርቷል። ስክሪኑን የሚያንቀሳቅሰው ኮምፒውተር 8 ጊጋባይት የፍላሽ ሜሞሪ ነበረው፤ ያለማቋረጥ ሲጻፍበት የመፋቅ አቅሙ አለቀ፤ የኋላ ካሜራውም ይጠፋ ጀመር። እንዲህ ላለው ቺፕ ትክክለኛ ኢሜጅ መጫን መድኃኒት አይሆንም፤ ብራናው ራሱ አልቋልና ቺፑን ወይም ቦርዱን መቀየር ግድ ነው።

ለተራው ባለቤት ከዚህ ሁሉ የሚቀረው ምክር አጭር ነው። ኢሜጅ ሲመረጥ የሞዴሉ ስም ብቻ ሳይሆን በመሣሪያው ጀርባ የተጻፈው የቦርድ እትም ቁጥርም መመሳሰል አለበት፤ በአንድ ስም የሚሸጡ መሣሪያዎች የተለያየ ቺፕ ሊይዙ ይችላሉና። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ጭነቱ የሚከናወነው በመጠባበቂያ ባትሪ ነው፤ በመፋቅ መካከል የሚቋረጥ ኃይል ደኅናውን ብሎክ ግማሽ ያደርገዋል። ወደ ጠጋኝ ሲኬድም መጀመሪያ የሚጠየቀው ዋጋው ሳይሆን «ከመፋቁ በፊት ቅጂ ይወሰዳል ወይ?» የሚለው ይሁን።