ከምንጣፉ ጀርባ ያለው መለያ፦ የሕፃናት ጉልበት፣ ትምህርትና ገበያ

የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛ የሚባለው የልጅን ጤና የሚጎዳ ወይም ከትምህርት የሚያስቀረው ሥራ ሲሆን፣ ከትምህርት መልስ ወላጅን ማገዝ ከዚህ አይቆጠርም። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 138 ዝቅተኛውን የሥራ ዕድሜ ከግዴታ ትምህርት ማብቂያ ጋር ያስተሳሰረውም አንዱ የሌላውን ሰዓት ስለሚሻማ ነው።

ዕቃው በልጆች ጉልበት አለመሠራቱን የሚያመለክት መለያ ስም ያገኘው በምንጣፍ ነው። በሰሜን ሕንድ በሚርዛፑርና በባዶሂ አካባቢ፣ በወላጆቻቸው ዕዳ የተያዙ ልጆች ሳይቀሩ ከሽመና ዕቃው ፊት ቁጢጥ ብለው የሱፍ ብናኝ እየሳቡ ቋጠሮ በቋጠሮ ሲያስሩ ይውሉ ነበር። ደቃቅ ቋጠሮ ትንሽ ጣት ይፈልጋል የሚለው የነጋዴዎች አባባል፣ አዋቂዎችም ያንኑ ይሠሩት ስለነበር፣ ለርካሽ ጉልበት የተበጀ ሰበብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 በካይላሽ ሳትያርቲ አነሳሽነት የተጀመረው ራግማርክ፣ ኋላ ጉድዊቭ የተባለው፣ ተቆጣጣሪዎችን ሳያስታውቅ ወደ ሽመና ቤቶች ይልካል፤ ከምንጣፉ ጀርባ የሚለጠፈው መለያ ባለ ቁጥር ሲሆን፣ ከአስመጪዎች ከሚሰበሰበው ክፍያ ከፊሉ ከሥራ የወጡትን ልጆች ለማስተማር ይውላል። የመለያው እውነተኛ ዋጋ ያለው በዚህ በመጨረሻው ላይ ነው።

ትምህርት ያልተከተለው ክልከላ ምን እንደሚያመጣ ባንግላዴሽ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ ምክር ቤት በልጆች የተሠራ ዕቃ እንዳይገባ የሚያግድ ረቂቅ ሲቀርብ፣ የልብስ ፋብሪካዎች ገና ሕግ ሳይሆን ደንግጠው በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆችን አሰናበቱ፤ ብዙዎቹም ድንጋይ ወደ መፍለጥና ወደ ጎዳና ንግድ ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1995 የፋብሪካ ባለቤቶች ማኅበር ከዩኒሴፍና ከዓለም የሥራ ድርጅት ጋር ተፈራርሞ ልጆቹ በወርሃዊ ድጎማ እንዲማሩ የተደረገው ከዚህ ጉዳት በኋላ ነው።

መለያ የሚከተለው ግን ወደ ውጭ የሚላከውን ዕቃ እንጂ በአገር ውስጥ ገበያ የሚሸጠውን አይደለም። የኢትዮጵያ የእጅ ሽመና የአሜሪካ የሥራ ሚኒስቴር በልጆች ጉልበት ይመረታሉ ብሎ በዘረዘራቸው ዕቃዎች ውስጥ ይገኛል፤ «ትማራለህ» ተብለው ከጋሞ ደጋ ወደ አዲስ አበባ ከመጡት ልጆች አንዳንዶቹ በትምህርት ሰዓት ማግ በቀሰም ሲያጠነጥኑ ይውላሉ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ይሁንና አሠሪው ብዙ ጊዜ ዘመድ ወይም የአገር ልጅ፣ የሥራ ቦታውም መኖሪያ ቤት በመሆኑ፣ ውልና ደመወዝ በሌለበት ልጁ ተቀጣሪ መሆኑን ማሳየት አስቸጋሪ ነው። በአዲስ አበባው ሽሮ ሜዳ የሚሸጠው ጥበብ ደግሞ ማን እንደሸመነው የሚናገር ቁጥር የለበትም።